ያልተተረተረው ስፌት

ማርቆሴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገብቷል። ቴፒ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ከሰዓት ይዘንባል። ቆርቆሯችን አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ወንድምህ ዮሐንስ እደፍነዋለሁ ካለ ቆይቷል። እኔም ባልዲ አስቀምጬ መተኛት ለምጃለሁ።

በመንገዱ በኩል ያለው የእንጨት ሥራ ቤትህ ተከራይቷል፤ ሞባይል ይጠገንበታል። መጋዝህንና መላጊያህን ዮሐንስ ወሰዳቸው። እንጨት የምትጠምድበት ሞርሳህ ከጠረጴዛው ጋር ስለታሰረ እዚያው ቀርቶ ተከራዩ የቻርጀር ገመድ ይሰቅልበታል። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል። እሁድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ጎራ ይላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ ስምህን ግን እሳቸውም አያነሱም፣ እኔም አላነሳም። ስትሄድ ጡት ያልጣለችው ሊዲያ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። እኔ ያው ስፌት ላይ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ሌላ ምን እሠራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጣውላው ነው። ከአንተ በኋላ ስለ እሱ ልቤን ከፍቼ ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም።

ኳስ ከሚታይበት አዳራሽ የተመለስክበትን ያን ምሽት ታስታውሳለህ? ራትህን ሳትነካ ነው ወሬውን የጀመርከው። ጨዋታው እስኪጀምር በዲሹ ሌላ ነገር ይታይ ነበር አልከኝ። አራት ጎማ ያለው ጣውላ ላይ የቆመ ሰው፣ ከላይ በገመድ የተያዘ ትልቅ ሸራ፤ ሸራው ነፋስ ሲሞላው ሰውየውን ሜዳ ለሜዳ ይዞት ይበራል። ካይት ይሉታል አልክ። ሰውየው ፈጥኖ ፈጥኖ ከነጣውላው መሬቱን ይለቃል፤ አየር ላይ ይሽከረከርና ተመልሶ በጎማው ያርፋል። እኔ ደግሞ ይሄ ለምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅሁህ። ልጅ ሳለህ የያዘህ በሽታ ግራ እግርህን አቅጥኖና አሳጥሮ ነው የተወህ። እኩዮችህ ኳስ ሲጫወቱ አንተ ልብስ ጠባቂ እንደነበርክ አጫውተኸኛል። የዚያን ምሽት ግን ይህን ሁሉ አላነሳህም። ሳህኑን ገፋ አድርገህ አንድ ነገር ብቻ አልከኝ።

«አስቴር፣ አየር ላይ የሚያነክስ ሰው የለም።»

በማግስቱ ጣውላ መምረጥ ጀመርክ።

የመጀመሪያውን ከዋንዛ ሠራኸው። ማማሩስ አምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብቻህን ከበር ማውጣት አቃተህ። እንዲህ የከበደ ነገር እንዴት አየር ላይ ይወጣል? ሁለተኛውን ከኮምፔንሳቶ ሠራህ። ቀለለልህ፤ ግቢያችን ውስጥ ከድንጋይ ዘለህ ስታርፍበት መሀሉ ተሰነጠቀ። ስብርባሪውን ጭንህ ላይ አድርገህ ለረጅም ጊዜ ስትቀመጥ ያዘንክ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንጨቱ ከየት ጀምሮ እንደተለያየ እየተከታተልክ ኖሯል። ጠንካራ ነገር ሳይሆን ጎብጦ የሚመለስ ነገር ነው የሚያስፈልገኝ አልክ። ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ጌጫ ወጥተህ ከደጋው ቀርከሃ ይዘህ ወረድክ።

ቀርከሃውን ሰንጥቀህ፣ በመላጊያ አሳስተህ፣ አንዱን ድርብ በቁመት ሌላውን በአግድም እያደረግህ በኮላ አጣበቅኸው። መሀሉን በሞርሳ ጠምደህ ሁለቱ ጫፎች ቀና እንዲሉ ከሥራቸው ድንጋይ ከተትክ። እስኪደርቅ ድረስ ሰው በሥራ ቤቱ በር እንዳያልፍ ከለከልክ። ሲደርቅ መሀሉ ላይ ቆምክበት፤ ዝቅ ብሎ መልሶ አነሳህ። የዚያን ቀን የሳቅኸው ሳቅ ከሠርጋችን ቀን ይበልጥ ነበር ብል አትቀየመኝ።

ጎማዎቹን ያመጣው ከድር ነው፤ ከአንተ ሥራ ቤት ፊት ለፊት ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ወዳጅህ። ቡና መጋዘን ጆንያ ይገፋበት ከነበረ አሮጌ ጋሪ የፈታቸው ትንንሽ ባለ አየር ጎማዎች ነበሩ፤ አዲስ ኩሽኔታ አስገባላቸው። ጎማዎቹ የሚይዙበትን ከብረት ቱቦ በየዳችሁ። ሰውነትህን ወደ ቀኝ ስታዘነብል ጎማው ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ፣ ቀና ስትል እንዲመለስ መሀሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አደረጋችሁ። ላስቲኩ ሲላላ ጣውላው ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠብቅ አልታጠፍ ይላል። ስንት ጊዜ ፈታችሁ እንደገጠማችሁት እኔ እንጃ። ከድር ሥራውን ዘግቶ ካንተ ጋር ይውል ስለነበር ሚስቱ መጥታ ተጣልታኛለች፤ ይህን አልነገርኩህም።

አቋቋምህን የለካሁት ግን እኔ ነኝ። የሱሪህን ግራ አሳጥሬ ስሰፋ ስለኖርኩ እግርህን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ባዶ እግርህን ሲሚንቶው ላይ አቁሜህ በስፌት ጠመኔዬ ዙሪያውን አሰመርኩ። ከዚያ ወገብህ እኩል እስኪሆን ድረስ ከግራ እግርህ ሥር ስስ ስስ እንጨት እየጨመርን ሄድን፤ አራት ጣት ያህል ሲደርስ ዳሌህን በሁለት እጄ ይዤ ቀና ማለትህን አየሁ። ባልና ሚስት ሆነን ስንኖር ቀጥ ብለህ ስትቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁህ ያኔ ነው። ቁመትህ ከእኔ ይህን ያህል እንደሚበልጥ አላውቅም ነበር። አንተ ስለ እግር ማሰሪያው ታወራለህ፤ እኔ እንዳታየኝ አጎንብሼ ጠመኔ እፈልጋለሁ። ያንን አራት ጣት ከፍታ ጣውላው ላይ ለዘለቄታው አጣበቅኸው። የዚያን ጊዜ ጣውላው ያንተ ብቻ ሆነ።

ሸራው የእኔ ድርሻ ሆነ። ቴፒ መቼም የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋባትም፤ ጨርቁን እየገፈፍኩ ገጣጠምኩት። እንደ ትራስ ልብስ ረጃጅም ከረጢቶች ጎን ለጎን ሰፋሁ፤ ከኋላ የተዘጉ፣ ከፊት አፋቸው የተከፈተ፤ ነፋስ ሲገባባቸው ተነፍተው ክንፍ የሚሆኑ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው፣ ድሮ ትንንሽ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር በሚባለው ሜዳ ሞከርከው። ጥቂት እንደጎተተህ ስፌቱ ተተረተረ። ሸራው ከላይ እንደ ረጠበ ልብስ ወረደብህ፣ አንተም ሣሩ ላይ ቁጭ አልክ፤ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ከሚዛን የድንኳን ናይለን አምጥተህ ሰጠኸኝ። ይሄኛው እንዳይተረተር ብለህ አደራ አልከኝ። ጠርዙን እያጠፍኩ፣ ጫማ በሚሰፋበት ክር ሦስት ጊዜ ሰፋሁት። ከድር አንዱን ጫፍ ከግንድ አስሮ ሌላውን በሞተሩ ጎተተው፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም። ኮራሁ ማርቆሴ። ስንት ዓመት ስሰፋ በሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ቴፒ ዙሪያዋን ጫካና ቡና ነው፤ ነፋስ የላትም። ነፋስ የምናገኘው ዝናብ ሊጥል ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኛ ወደ ሜዳው እንወጣ ነበር። ያን አንዱን መልካም ቀን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሊዲያን አዝዬ ከዳር ቆሜያለሁ፤ እናትህ ከገበያ ሲመለሱ ሰው ተሰብስቦ አይተው ደረሱ። ሸራው ሞላ፣ ጣውላው ሣሩን እየሰነጠቀ ሄደ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ በድንገት ተነሳህ። አየር ላይ አንድ ሙሉ ዙር ዞርክ። በሁለቱም እግርህ እኩል አረፍክ፤ ጣውላው ጎብጦ አነሳህና ሄድክ። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ልጄ ሮጠ።»

ያን ቀን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ደስ አይለኝም።

ሚያዝያ ውስጥ ነበር። ደመናው በደጋው በኩል ከብዶ መጣ። ከድር ይህኛው ይለፍ አለህ። አንተ አንዴ ብቻ ብለህ ጣውላው ላይ ወጣህ። ሸራው እንደ ወትሮው በዝግታ አልሞላም፤ አንድ ጊዜ ፈነዳ ብል ይቀለኛል። ከቤት ጣሪያ በላይ ስትነሳ አየሁህ። መጀመሪያ የወደድከው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ከሜዳው አውጥቶ ወደ ዛፎቹ ወሰደህ። ሸራው በገመድ ከወገብህ ታስሮ፣ እዚያው ገመዱን የሚለቅ ፒን ነበር፤ ብትስበው ሸራው ይሄዳል፣ አንተ ትወድቃለህ። አልሳብከውም። ከድር በኋላ አይቶት ፒኑ ምንም እንዳልሆነ ነግሮኛል። እጅህ አልደረሰም? ከፍታው አስፈራህ? ወይስ ከዚያ ላይ መውረድ አልፈለግህም? ይህን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልስ የለውም።

ግንዱ መትቶህ ስትወድቅ እንኳ ሸራው አልተቀደደም። ቅርንጫፍ ገብቶበት፣ ዝናብ ወርዶበት፣ ከድር ገመዶቹን በካራ እስኪቆርጣቸው ድረስ ነፋስ ሞልቶት መሬት ለመሬት ይጎትትህ ነበር።

ወደ ሚዛን ሆስፒታል ስንወስድህ መኪናው ውስጥ ራስህ ጭኔ ላይ ነበር። ዓይንህን ገልጠህ አየኸኝ።

«ስፌቱ ያዘ አይደል?» አልከኝ።

«ያዘ» አልኩህ።

ልታመሰግነኝ ነበር። ፊትህ ላይ አየሁት። ሌላ ቃል አልተናገርክም፤ ሚዛንም ስንደርስ አልነበርክም።

ለቀስተኛው ሁሉ ቀኑ ጎዶሎ ነው፣ ፈቃዱ ነው እያለ አጽናናኝ። ከእነሱ ማንም ስለ ስፌቱ አያውቅም። እንደ መጀመሪያው ተተርትሮ ቢሆን ኖሮ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለህ ትስቅ ነበር። አጠፋሁ አልልም፤ ጥፋት ቢሆን ንስሐ አለው። እኔ ግን ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ። ለዚህ ምን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም። አሁን የልጆች ዩኒፎርም ስሰፋ አንዳንዴ ክሩ ይበጠስና እጄን አሳርፌ አየዋለሁ፤ ደንበኛ እስኪጠራኝ ድረስ።

ከቀብርህ በኋላ ዮሐንስ ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው ብሎ ጣውላውን በመጥረቢያ ሊፈልጠው አወጣው። መታው፤ ቀርከሃው ጎብጦ መጥረቢያውን መለሰበት። ደጋግሞ መታው፤ ተላጠ እንጂ አልተፈለጠም። በመጨረሻ መጥረቢያውን ጥሎ ጣውላው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ማንም ተነሣ አላለውም።

ከወራት በኋላ ከድር እንሞክረው አለኝ። የሠራነው ነገር እንዲህ ቆሞ ከሚቀር ብሎ ነው። ሜዳ ወስደነው ቆመበት። ግራው ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ እግሩ እኩል የሆነ ሰው ሊቆምበት አይችልም። ሁለቴ ወደቀ። ያን አራት ጣት እንጨት ላንሳው ይሆን ብሎ ጠየቀኝ፤ አይሆንም አልኩት። ያንን ካነሳነው ያንተ ምን ይቀራል? ተሸክመነው ተመለስን። ከድር አሁን ወደ ቱም ሄዶ እዚያ ሞተር ይጠግናል፤ አይደውልም፤ አልፈርድበትም። ሜዳውም ታጥሯል። ቤት ሊሠራበት ነው ይላሉ፣ ችግኝ ሊተከልበት ነው የሚሉም አሉ። ተመሳሳይ ጣውላ እንሥራ ብለው ሥራ ቤትህ ይመጡ የነበሩት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪዎች ተመርቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ጎማ ያለው ጣውላ የሠራ ሰው አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት መዋዕለ ሕፃናቱ ልጆቹ ስለ አባቶቻቸው እንዲናገሩ አድርጓቸው ነበር። ሊዲያ ተራዋ ሲደርስ አባቴን አላውቀውም ብላ ተቀመጠች። መምህርቷ ስትነግረኝ አዝና ነበር፤ ልጅቷ ግን አላዘነችም። ቤት ስንገባ ስለ አንተ አወራኋት፤ አቀማመጥህን፣ አሳሳቅህን፣ እሷን ታቅፈህ የምታዜመውን። በትሕትና አዳመጠችኝ፤ ስለ ሰው አባት እንደሚያዳምጥ ልጅ። ስጨርስ ውጪ ልጫወት ብላ ሄደች። አልተቀየምኳትም። የሌላትን ከየት ታምጣው? እናትህ እያረጁ ነው። ከድር ሩቅ ነው። ዮሐንስም ጣውላውን ከመታበት ቀን ወዲህ ስምህን አያነሳም። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እኔም እየረሳሁ ነው ማርቆሴ፤ ስልኬ ጠርቶ ሳነሳው ድምፅህ በጆሮዬ አይመጣልኝም፤ በፊት ይመጣ ነበር።

ስለዚህ እጽናናለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ልጅህ ታውቅሃለች ብዬም አልዋሽህም። የምችለውን ያህል ብቻ ልግባልህ። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህች ከተማ አንድ ሰው ያስታውስሃል። ከእኔ በኋላ ማንም የለህም፤ ይህን ስለማውቅ ነው ቶሎ መሞት የማልፈልገው።

አስቴር