«ውረዱልኝ»ን ቁልቁለት ላይ ያቆሙት አቶ ጌታነህ ዋሴ

(1957 – 2010 ዓ.ም.)

አቶ ጌታነህ ዋሴ ከአባታቸው ከአቶ ዋሴ ዋለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ተድላ ሚያዝያ 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በጋይንት አውራጃ በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ አለፍ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ስለነበር የክርስትና ስማቸው ገብረ ጊዮርጊስ ተባለ። ልጃቸው ቅዱሱን የሚያስታውሰው ፍሬን ሲያጣ ብቻ ነው እያሉ እናታቸው ያሟቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም ወገዳ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን አንድ የጭነት መኪና ከተማው ዳር ጭቃ ውስጥ ተውጦ ክረምቱን በሙሉ ከርሞ ነበር። ጌታነህ ከትምህርት ቤት መልስ መሪው ላይ እየተቀመጡ፣ በአፋቸው የሞተር ድምፅ እያሰሙ፣ ያንን ክረምት ሲነዱት ከረሙ። በሕይወቴ ያለ ሐሳብ ያቆምኩት መኪና እሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደብረ ታቦር ጀምረው ሳይጨርሱት አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠሩ፤ መካኒክነትንም መንጃ ፈቃድንም ከዚያው ይዘው ወጡ።

በ1984 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር ተሻርከው፣ ሥራውን ከጨረሰ አንድ ፕሮጀክት ያረጀ ላንድክሩዘር ገዝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የድጓ ትምህርት ቤት ካለባት ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ወገዳ፣ ለገበያ ቀን ደግሞ እስከ መካነ ኢየሱስ ሰው ያመላልሱ ጀመር። መኪናዋ ሞተሯ ብርቱ ነበር። ፍሬኗ ግን በአራቱም ጎማ ታምቡር የሚባለው፣ እንደ ከበሮ የተዘጋው ዓይነት ነበር፤ ታምቡር ውስጥ ውኃና ጭቃ ከገባ ጎማውን የሚያቆመው ሸራ መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። በእኛ መንገድ ደግሞ ወንዝ ሳይሻገሩ ቁልቁለት አይደረስም።

ስለዚህ ወደ ወገዳ የሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ጌታነህ ሞተሩን አጥፍተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ተሳፋሪውን በትሕትና «ውረዱልኝ» ይሉ ነበር። ቄሱም ነጋዴውም ይወርዳል። ጎበዝ ጎበዙ ለጎማው ታኮ የሚሆን ድንጋይ ይዞ ከመኪናዋ ጎን ይሮጣል፤ ሽማግሌዎች ጥላቸውን ዘርግተው ከኋላ ይከተላሉ። አፋፉ ላይ ድንጋይ እያለቀ ሲያስቸግር፣ ሽቅብ የሚጓዝ ተሳፋሪ ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ ይዞ መሳፈር የአገሩ ደንብ ሆነ። የመኪናዋም ስም «ውረዱልኝ» ሆኖ ቀረ። ጌታነህ በስሙ ይናደዱ ነበር፤ ሌላ ስም አውጥተው ጎኗ ላይ ቢጽፉም የሚያነበው አልነበረም።

በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ እየተከተለ ሳለ «ውረዱልኝ» ከድንጋይ ያዦቿ እጅ አመለጠች። ጌታነህ መሪዋን ወደ ማሳ ሲጠመዝዙት ከቁልቁለቱ ግርጌ በነበረ አውድማ ላይ፣ የገብስ ክምር ውስጥ እስከ በሯ ገብታ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ ከብትም አልተነካም። አውድማው የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር፣ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነበር። ጌታነህ ገብስ ከጆሯቸው እያራገፉ ሲወጡ ያገኙት ግን መሪጌታን ሳይሆን፣ መንሽ ይዛ የቆመች ልጃቸውን ዓለምጸሐይን ነው። እሷም ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣

«ወንድሜ፣ እኛ እኮ ገብሱን በበሬ ነው የምናበራየው» አለቻቸው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ተስፋሁን ኃይለ ሚካኤል የዓለምጸሐይ ወንድም ነኝ፤ ያን ዕለት ክምሩ አጠገብ ነበርኩ። ጌታነህ የተበተነውን ገብስ ሲሰበስቡ ዋሉ። በማግስቱም ሊያግዙ መጡ። ገብሱ ተወቅቶ፣ ከገለባው ተለይቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። ያኔ ሁላችንም ነገሩ ገባን።

በ1987 ዓ.ም. ሽማግሌ ላኩ። አባታችን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ መልሳቸውን ሰጡ። «ልጁ ደግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ማቆም የማይችል ሰው ልጄን የት እንደሚያደርሳት አላውቅም። እስከ መጪው ጥር ያቺን መኪና ቁልቁለቱ መካከል አቁሞ ያሳየኝ፤ ካልሆነ ሌላ ጠያቂ አለ» አሉ። ሌላው ጠያቂ የመካነ ኢየሱስ ነጋዴ ሲሆን፣ የሚመጣው በበቅሎ ነበር። በቅሎዋም ቁሚ ስትባል ትቆማለች። እህቴ ዓለምጸሐይ በዚያ ሰሞን ከበቅሎ ሁሉ ተጣልታ ነበር።

ጌታነህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። የፊት ጎማዎቹን ከታምቡር ወደ ዲስክ ለመለወጥ ቆረጡ። ዲስክ ገላጣ ስለሆነ ውኃ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል። ለእሷ ሞዴል የተሠራ ዲስክ ግን በአገሩ አልተገኘም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ከቀድሞ ጋራዣቸው፣ ተገልብጦ ከወደቀ አዲስ ሞዴል ላንድክሩዘር ዲስኮቹን ከነእቃቸው ፈቱ፤ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን ካሊፐር ባሕር ዳር ከቆመ ፒክአፕ አገኙ፤ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ከሌላ መኪና አመጡ። መንገዱ በክረምት ሲዘጋ በእናታቸው በረት ውስጥ ገብተው ሥራ ጀመሩ። የማይገጥመውን በሞረድ እየሞረዱ፣ ቀዳዳውን እያሰፉ፣ ሐምሌና ነሐሴን ከመኪናዋ ሥር ተኝተው አሳለፉ። የወይዘሮ ጌጤ ላሞች ያን ክረምት ደጅ አደሩ።

አባታችን ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። እርሳቸው የቤተ ልሔም ሰው ናቸው፤ የሌላውን የድጓ ቤት የቆማን ዜማ ከቤተ ልሔሙ የሚቀላቅል ተማሪ ፊታቸው አይቆምም። ከሦስት መኪና የተለቃቀመ ፍሬንም እንደዚያው የተደበላለቀ ዜማ መሰላቸው።

የከፋው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ መጣ። ሁሉ ነገር ቦታውን ይዞ ሳለ ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። ዘይቱ ውስጥ አየር ቀርቷል ማለት ነው። ጌታነህ አየሩን ለማውጣት ያልሞከሩት ነገር የለም፤ ዘይቱን ደጋግመው ቢያፈሱም ፔዳሉ መስመጡን አልተወም። መስከረም 1988 ዓ.ም. ገበያ ውስጥ ከዓለምጸሐይ ጋር ተገናኙ። ከስተው ነበር። እሷም ስለ በዓሉ ሳይሆን ስለ ፍሬኑ ጠየቀቻቸው፤ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይ ነው ወይስ ከታች አለቻቸው። አየር ዘይት ውስጥ ወደ ላይ ይሸሻል። የጌታነህ ቀዳዳ ግን ከታች ነበር። ደህና ዋይ እንኳ ሳይሏት፣ የገዙትን ጨው መሬት ላይ ትተው ሮጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ካሊፐሮቹን የፈታው ሰው ሾፌሩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አድርጎ ቀኝና ግራ ብሎ ምልክት አሰረባቸው። ጌታነህ ደግሞ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው የቀኙን በቀኛቸው፣ የግራውን በግራቸው ገጠሙ። ካሊፐሮቹም ተገልብጠው የአየር መውጫቸው ወደ ታች ዞረ። አባታችን ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አልቆም አለ። በማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ተሰልፈው ፊት ለፊት ሲተያዩ የአንዱ ቀኝ በሌላው ግራ በኩል መሆኑን የቤተ ልሔም ተማሪ ገና ሲገባ ያውቀዋል አሉ። ከዚያ በኋላ አማቻቸውን እስከ ዛሬ ግራ ጌታ እያሉ ነው የሚጠሩት።

ጥቅምት 1988 ዓ.ም. መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ጌታነህ ሆን ብለው መኪናዋን መጀመሪያ ወንዝ ውስጥ አመላለሷትና አፋፉ ላይ አወጧት። ቀያችን በሙሉ ድንጋይ ይዞ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ እናታችን ወይዘሮ የሻረግ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። መኪናዋ ወረደች። ቁልቁለቱ መካከል ላይ አባታችን መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ ቆመች። እንደገና ትወርዳለች፣ መቋሚያው ይመታል፣ ትቆማለች። መፈተኑን ትተው እየተደሰቱበት መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። ግርጌ ሲደርሱ ወርደው ጎማውን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉና እንዲህ አሉ፦

«መደባለቅ ለድጓ አይፈቀድም። ለመኪና ግን ይፈቀዳል። በጥር መጥተህ ልጄን ውሰድ።»

ጥር 1988 ዓ.ም. ሙሽራው መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ መጥተው ሙሽራዋን ተረከቡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሚዜዎቹ ማንም ሳይነግራቸው በለመደ እግራቸው ወርደው ድንጋይ ፍለጋ ሄዱ። ጌታነህ ወደ ሙሽራዋ ዞረው አትውረጂ አሏት፤ እሷም ማን ሊወርድ አለች። ሁለቱ ብቻቸውን እየሳቁ ወረዱ። ሚዜዎቹ በሱፋቸው አቧራ ጠጥተው ሲደርሱ ሙሽሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር።

ከዚህ ጋብቻ ዘካርያስ፣ ልዕልትና ፅጌረዳ የተባሉ ልጆች አፍርተዋል። አቶ ጌታነህ በ1992 ዓ.ም. ወገዳ ውስጥ ጋራዥ ከፈቱ። ከጋይንትም ከእስቴም ፍሬን ያስቸገረው ሾፌር ሁሉ ወደ እርሳቸው መጣ፤ የአንዱን መኪና ዕቃ ከሌላው ማስማማት እንደ እርሳቸው የሚያውቅበት አልነበረም። ተጫዋች ነበሩ፤ ቁጡም ነበሩ፤ የተቆጡትን ሰው ሳይመሽ ፈልገው ያስቁት ነበር። በጣም እንወዳቸው ነበር። አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ያናድዳቸው ነበር፤ መኪናዋ መቆም ከጀመረች ከዓመታት በኋላም የአገሩ ሰው አፋፉ ላይ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ መሄዱን አልተወም። ምነው ሲባል አምላክን አልፈታተንም ይላል። ጌታነህም ባዶ መኪና ይዘው ግርጌ ላይ ተሳፋሪያቸውን ይጠብቁ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ በፈቃዳቸው ወደ ቤተ ልሔም መጥተው በአማቶቻቸው ቤት ሆነው ጠበል ሲጠመቁ ሰነበቱ። ሕመሙ ሲበረታባቸው ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ስሞት በ«ውረዱልኝ» ውሰዱኝ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ማንም እንዳይወርድብኝ» ብለው ተናዘዙ። ጥቅምት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምጸሐይን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ጌጤን፣ አማቶቻቸውን፣ ብዙ ወዳጅ ዘመድ እና አሁንም የምትቆም መኪናቸውን ትተውልናል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አስከሬናቸውን በ«ውረዱልኝ» ይዘን ወደ ወገዳ ስንመጣ መሪውን የያዘው ልጃቸው ዘካርያስ አፋፉ ላይ አንድ ጊዜ ቆመ። የድሮው የድንጋይ ክምር እዚያው አለ። ካህናቱ ተያዩ፤ አንዲት ባልቴት አማተቡ። እህቴ ዓለምጸሐይ ከፊት እንደተቀመጠች ወደ ኋላ ሳትዞር ንዳ አለችው። ቁልቁለቱ መካከል ላይ አባታችን በእርጅና እጃቸው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ መኪናዋም ቆመች። ማንም አልወረደም።

አቶ ጌታነህ ስንቱን ሰው በሰላም አውርደዋልና፣ ቸሩ አምላካችን የእርሳቸውን ነፍስ በሰላም ያውጣልን። አሜን።