ከፋብሪካው በታች ለምንኖር ሰዎች ስለዋሉልን ውለታ

ለክቡር የወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎስ ደህና ነው? ሌላውን ትቼ ሆድዎን የምጠይቀው፣ ከድንች ጥብስ ፋብሪካው በታች ያለን ሰዎች በዚህ ዘመን ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠያየቀው እሱን ስለሆነ ነው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ከመሥሪያ ቤትዎም ጋር እየታገልን፣ አለን።

አካለ ወልድ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን የሚጽፍልኝ ብቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ምንይሉ ነው። ንግግሬን ሊያለሰልስ ሲሞክር አስቁሜዋለሁና ሻካራው ሁሉ የራሴ ነው። እኔ የግራር ወንዝ መስኖ የውሃ አባት ነኝ። እርስዎ የከተማ ልጅ ስለሆኑ ላስረዳዎ፤ የውሃ አባት ማለት ገበሬው መርጦት ውሃውን በተራ የሚያካፍል፣ ሰው በውሃ ሲጣላም የሚዳኝ ነው። ደመወዝ የለውም፣ መኪና የለውም፣ ማኅተም የለውም። ሥራውን ግን ይሠራል።

ምስጋናዬ እነሆ።

፩ኛ፦ ባለሙያዎችዎ ለቁጥጥር ከመምጣታቸው በፊት ለፋብሪካው ደብዳቤ በመላክ ስለሚያሳዩት ጨዋነት እናመሰግናለን። ፋብሪካው በዚያን ዕለት ድንች ማጠቡን አቁሞ፣ ማጣሪያ ተብሎ የተቆፈረውን ኩሬ ሞተር አስነሥቶ፣ ግቢውን ጠርጎ ይጠብቃቸዋል። እንግዶችዎ ምሳ በልተው ሲሸኙ ሞተሩም አብሮ ይሸኛል። በማግስቱ ወንዛችን አጓት መስሎ፣ አረፋና ያረጀ ዘይት ተሸክሞ ይወርዳል። ላሞቻችን አሽትተውት ይመለሳሉ። ላም ደብዳቤ ስለማትጽፍ ነው መሰለኝ፣ የምትቆጣጠረው በየቀኑ ነው።

፪ኛ፦ ውሃው ስለተመረመረበት ብልሃት። ባለፈው ጥቅምት የመጣችው ባለሙያዎ፣ ከፋብሪካው በታች ያለው ዳር ጭቃ ነው፣ ይሸታልም ብላ፣ ከፋብሪካው በላይ ወጥታ ውሃው ከዓለት ከሚፈስበት ቀዳች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ልጄ፣ በሽተኛው ከታች ተኝቷል፤ አንቺ የምትመረምሪው ጤነኛውን ነው» ብላት፣ «አባባ፣ ወንዙ አንድ አይደል እንዴ?» ብላ በያዘችው የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ ሄደች። ንጹሕ ነው የሚል ውጤት መጣና ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያንን ውሃ ንጹሕ ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ ማኅተሙ ግን የእርስዎ ነው።

፫ኛ፦ ሞጣ ላይ ሽንኩርታችንን ይረከበን የነበረው ነጋዴ ሙሐመድያሲን ጭነታችንን መልሶታል። «አባቴ፣ የእናንተ ሽንኩርት እኮ ሳይጠበስ ዘይት ዘይት ይላል» አለኝ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። አልፈርድበትም፤ ሚስቱ ሂዳያ አፏ ውስጥ አድርጋ ስትተፋው አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሀብትነሽ ደግሞ ቦይ ውስጥ ቆማ ስታጠጣ እግሯ በቁስል ተሞልቷል። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ከውሃው ራቂ» ተባለች። ከውሃ የራቀ የመስኖ ገበሬ ምን በልቶ እንደሚያድር አልነገሯትም።

የዘንድሮው የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። በዚህ ውሃ ብናጠጣው የሚገዛን የለም፤ ባናጠጣው ይደርቃል። ይህን ልንነግርዎ በመጣን ቁጥር «ኢንቨስትመንት ነው፣ ታገሡ» ብለው በፈገግታ ሸኝተውናል። ለፈገግታውም እናመሰግናለን።

አሁን የእኔን ሥራ ይስሙ። ፋብሪካው ድንች የሚያጥብበትን ንጹሕ ውሃ የሚወስደው ከላይ፣ ወንዙን ወደ ቦይ ከምንመልስበት ከእኛ ጠለፋ ነው። የታችኛው ማሳችን ግን የሚጠጣው የፋብሪካው እጣቢ ከገባበት ወንዝ ነው። ሲተከል ሽማግሌ ልኮ ለመነን፣ እንደ ጎረቤት ተራ ሰጠነው። የእኛ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ ውሃ ያበላሸ የዓመቱን ተራ ያጣል። ካቻምና ፋንታ የሚባለው የገዛ ወንድሜ ቦዩ ውስጥ ቆዳ ዘፍዝፎ ቢገኝ ተራውን ነጠቅሁት። ነጭ ሽንኩርቱ ዓይኑ እያየ ደረቀ፤ እስከ ዛሬ ለበዓል አይጠራኝም። ከአንድ እናት ጡት ለጠባሁት ወንድሜ ያልራራሁ ሰው ለድንች ጥብስ እራራለሁ ብለው እንዳያስቡ።

ስለዚህ የውሃ ማኅበራችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር ተቀምጦ የፋብሪካውን ተራ ነጥቋል። ከታኅሣሥ መባቻ ጀምሮ ወደ ፋብሪካው የሚሄደው ቦይ ይደፈናል። የመጀመሪያውን ድንጋይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ የሚከሰስ ካለም እኔን ይክሰስ፣ ቤቴን የማያውቅ የለም። ፋብሪካው እንግዳ በሌለበት ቀን ኩሬውን ማሠራት ሲጀምርና ላሞቻችን ከታች ሲጠጡ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይላክ፤ እንነጋገራለን። እርስዎ ግን አይድከሙ። የቁጥጥሩን ሥራ ስለወሰድንልዎ ያርፉ።

ለወንበርዎ ምቾት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለአፍንጫዎም ፈውስ እየተመኘሁ፣ ከቦዩ ራስ ላይ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣

አካለ ወልድ፣ የግራር ወንዝ የውሃ አባት
(በአውራ ጣቴ የፈረምሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋብሪካው በየሳምንቱ የታሸገ ውሃ በካርቶን እየጫነ ለቢሮዎ እንደሚልክልዎ አውራጆቹ ነግረውኛል። ደስ ብሎኛል፤ ይጠጡ። የፋብሪካው ባለቤት የቅርብ ወዳጅዎ ሆኖ ሳለ ከእኛ ወንዝ ሊያጠጣዎ አልደፈረም። ስለ ውሃችን እውነተኛውን ውጤት እስካሁን ያወጣው እሱ ብቻ ነው።