ያለ ፈቃድዎ ያስከተብኋት ልጅ

ይድረስ በአባት ፋንታ ላሳደጉኝ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ዳኘው፣ በስደት ካሉበት ከሱዳን አገር ከገዳሪፍ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ንዳዱስ ለቀቀዎት ወይ? ባለቤትዎ እቴ ንግሥቴ ወገቧ ተሻላት? በሰው አገር የተወለደው ክንፈሚካኤልስ ይድኻል ወይስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? ናፍቆቴን በብዕር ልጨርሰው ብል ቀለሙ አይበቃኝም። እኛ እንዳገሩ ነን፤ በቸርነቱ ቆመን እንሄዳለን። ለቆላ በሽታ ሰግተው ለእኔ ትተዋት የሄዱት ልጅዎ እህተ ማርያምም ደኅና ናት። ይህን ያስቀደምሁት ከዚህ በታች የሚያነቡት እንዳያስደነግጥዎ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመተማ የተመለሰው ነጋዴ፣ “መምህር ወልደ ዮሐንስ የወንድሙን ልጅ ለጣልያን አሳልፎ ሰጠ” የሚል ወሬ እርስዎ ዘንድ መድረሱን ነገረኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሆነውን ሁሉ ከእኔ ከራሴ ይስሙት፤ ከዚያ በኋላ ይፍረዱብኝ።

በጥር ወር ፈንጣጣ በደምበጫ መንገድ እየመጣ ነው ተባለ። በሽተኛ ያለበት ቤት ደጃፉ በእሾህ ይታጠር ጀመር። ወደ ቡሬ ገበያ የሚወጣ ሰው ጠፋ። እኔ ግን ፊደል ማስቆጠሬን አልተውሁም። ሠላሳ አንድ ልጆች በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከወይራው ሥር ይሰበሰቡልኝ ነበር፤ ልጅዎም ከእነዚሁ አንዷ ናት።

ጾሙ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ከቡሬ ምሽግ አንድ የጣልያን ሐኪም፣ ጠመንጃ የያዙ አራት የጣልያን አስካሪዎችና አንድ አስተርጓሚ መጡ። ልጆቹ እንደ ቆቅ ጫጩት ተበተኑ። አስተርጓሚው ላቀው ይባላል፤ የደምበጫ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ከሐኪም ቤት አገልግሎ ቁስል ማሰር የተማረ ነው። ሐኪሙ በእርጥብ ጥጥ የተጠቀለለ፣ እንደ ቀሰም የቀጠነ ብርጭቆ ከሣጥኑ አወጣ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአንዲት እንባ አይበልጥም። ላቀውም፣ “ይህ ከጥጃ ቁስል የተወሰደ ነው። ክንድ ትንሽ ተጭሮ ይቀባል። የተቀባ ልጅ ፈንጣጣ አይዘውም። የወደደ ልጁን ያምጣ፣ ያልወደደ ይተው” አለ።

ሰዉ ዱላውን እየያዘ ግር ብሎ መጣ። ታንጉትን ያውቋታል፤ ባሏ አምና በአውሮፕላን ቦምብ ሞቶባታል። ሁለቱን ልጆቿን በነጠላዋ ጋርዳ፣ “ባሌን የበላ እጅ ልጆቼን አይዳስስም” አለች። ማን ይፈርድባታል? ሌላው ደግሞ፣ “በጾም የጥጃ ነገር?” ብሎ ጮኸ። የደብሩ አለቃችን ጢማቸውን አሻሽተው፣ “ጾም በአፍ ይገደፋል እንጂ በክንድ አይገደፍም” ቢሉ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቅ አመለጠኝ።

በዚህ ጊዜ እማማ አቻምየለሽ ሰዉን በምርኩዛቸው እየገፉ ወደ ፊት መጡ። እርስዎ እንደሚያውቁት እኒህ ሴት ከበሽተኛ የቁስል ቅርፊት ወስደው፣ በማር ለውሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገሩን ልጅ ሲከትቡ የኖሩ ናቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። ከዚያ ሐኪሙን፣ “እኔ ከከተብኋቸው ከሃያው አንዱን እቀብራለሁ። አንተስ ስንት ቀበርህ?” አሉት። ላቀው ይህን ተረጎመለት። ሐኪሙም እጅጌውን ጠቅልሎ በክንዱ ላይ ምስር የምታህል የድሮ ጠባሳ አሳያቸው። የገዛ ልጁንም እንዲሁ መከተቡን፣ ሙቀትና እብጠት እንጂ በዚህ የቀበረው ልጅ አለመኖሩን ተናገረ። እማማ አቻምየለሽ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ወደ እኛ ዞረው፣ “የእኔው ሙያ ነው። የእኔ ጎሽ ነው፤ የዚህ ሰው ግን የተገራ በሬ ነው” ብለው ከመሬት ቁጭ አሉ። ጥቂት ቆይተውም በለሆሳስ፣ “ይህን ባገኝ ኖሮ እነዚያን ልጆች አልቀብርም ነበር” ሲሉ ሰማኋቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ገዳሪፍ ልኬ ፈቃድዎን የምጠይቅበት ጊዜ አልነበረኝም። የልጅዎን እጅ ይዤ የመጀመሪያ አድርጌ አቀረብኋት። መርፌው ክንዷን ሲጭራት ዓይኗን ጨፍና፣ “ሀ፣ ሁ፣ ሂ” ማለት ያዘች፤ “በ” ላይ ሳትደርስ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሰባት ልጆች ተከተሏት። አሥራ ሦስቱን እናት አባታቸው እየጎተቱ ወደ ቤት ወሰዷቸው፤ ታንጉትም ልጆቿን ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ የእህተ ማርያም ክንድ አበጠ፤ ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። በዚያው ሰሞን ጣልያንን የሚወጉት የዱሩ ሰዎች አለቃ አድማሴ፣ “ከተከተቡት አንድ ልጅ ቢሞት መምህሩን ከወይራው ሥር እናገኘዋለን” ብሎ ላከብኝ። የእርስዎን ፊት ባሰብሁ ጊዜ ግን የአድማሴ ጥይት ቀለለኝ። ሁለት ቀን ከመደቧ አጠገብ አልተነሣሁም። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቃትና፣ “ራበኝ” አለች። ቅርፊቱም ውሎ አድሮ ረገፈ።

በመጋቢት በሽታው ደብራችን ገባ። ካልተከተቡት ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙን ጣላቸው፤ አራቱን ቀበርን። የታንጉት ታናሹ ልጅ አንዱ ነው። የተከተቡት ግን ከበሽተኛ ወንድም እኅቶቻቸው ጋር በአንድ ቁርበት እየተኙ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ አንዳቸውም አልታመሙም። አላመንሁም። ቤት ለቤት እየዞርሁ እጅጌያቸውን እየገለጥሁ አየሁ፤ አሥራ ስምንት ንጹሕ ገላ። ከመጨረሻው ቤት ስወጣ ከአጥሩ ተደግፌ አለቀስሁ። ጣልያን ያቃጠለው ቤታችን ዛሬም አመድ ነው፤ አልወደድሁትም። “ታዲያ ይህን ምሕረት እግዚአብሔር በጠላት እጅ ለምን ሰደደው?” ብዬ አለቃችንን ብጠይቃቸው፣ “እኔም ሌሊቱን ይህንኑ ስጠይቅ ነው ያደርሁ” አሉኝ።

ታንጉት ከቀብር በሦስተኛው ቀን የቀረችላትን ልጇን ይዛ መጣች። እንባዋ ደርቋል። “ያ ብርጭቆ ተርፎ ይሆን?” አለችኝ። በበነጋታው ወደ ቡሬ ወረድሁ። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ ላቀው ግን አለ። “ለአርባ ልጅ የሚበቃ ቀርቶኛል። ከአስካሪ ጋር ብመጣ ተኩስ ይነሣል፤ ብቻዬን ብመጣ ደግሞ የዱሩ ሰዎች ይገድሉኛል” አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ተመለስሁ።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ላቀው ሣጥኑን ተሸክሞ ብቻውን መጣ። አድማሴና ሰዎቹም ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ቅጽሩን ከበው ይጠብቁት ነበር። አድማሴ ጠመንጃውን እንደያዘ፣ “የማን ሰው ነህ?” አለው። ላቀው ሣጥኑን ከመሬት አስቀምጦ፣ “የጣልያን እንጀራ እበላለሁ፤ አልዋሽህም። ይህ ግን ከጥጃ የመጣ ነው። ከከተብሁ በኋላ ያሰብኸውን አድርግ” አለ። አድማሴ ጠመንጃውን ከወይራው አስደግፎ ወደ ጫካው አፏጨ።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አላይም፤ የዱሩ ሰዎች ሚስቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየቁጥቋጦው ወጡ። ማን የት እንደተደበቀ እኛ ጎረቤቶቹ እንኳ አናውቅም ነበር። የታንጉት ልጅ ቀደመች፤ የአድማሴ ሁለት ልጆች ተከተሏት። ያ ሁሉ ጥይት የታጠቀ ጎበዝ ተንበርክኮ የሕፃናት ክንድ ሲይዝ፣ እማማ አቻምየለሽ እየመረቁ ሲያቀርቡ፣ ቅጽሩ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ጸጥ አለ። ሲያልቅ አድማሴ ላቀውን እስከ ወንዙ ሸኘው። ከወንዙ ወዲያ ጠላትነታቸው እንዳለ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አሁን ነገሩ ይህ ነው። ቁጣ ካለብኝ በደብዳቤ ይላኩልኝ፤ ዝም አይበሉኝ። አንድ ነገር ግን በእናታችን አፅም እለምንዎታለሁ፤ እንግሊዝ በሚገዛው በዚያ አገር ይህ ክትባት አይጠፋም ይባላልና ክንፈሚካኤልን ነገ ዛሬ ሳይሉ ያስከትቡ። ክንዱ ቢያብጥ፣ ቢያተኩሰውም፣ እንደ እኔ አይሸበሩ፤ ያልፋል።

እቴ ንግሥቴን ሰላም ይበሉልኝ። ክንፈሚካኤልን ይሳሙልኝ። እማማ አቻምየለሽ ምርቃታቸውን፣ አለቃችን ቡራኬያቸውን ልከዋል። ታንጉት እጅ ትነሣለች። እህተ ማርያም ጉልበትዎን ስማ፣ “ወንድሜ ሲከተብ እንዳያለቅስ ፊደል ይቁጠር በሉት” ትላለች። ገና አፍ ያልፈታ መሆኑን ብነግራት፣ “እንግዲያ አባባ ይቁጠርለት” አለችኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ወልደ ዮሐንስ
ቡሬ አጠገብ፣ አቦ ደብር
ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት