በፊርማዎ ስለወጣው የእኔ ዓረፍተ ነገር

ሚያዝያ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ወንዳፈረው ኃይለመለኮት
የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። በክረምቱ ሲያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ባለፈው ወር በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆመው ሲናገሩ በዓይኔ በማየቴ የተሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው። ለመላው ቤተሰብዎም ጤናና ሰላም እመኛለሁ።

እኔ ስምዎን በየቀኑ በልቤ የማነሣ፣ እርስዎ ግን በሥራ ብዛት ሳይረሱኝ ያልቀሩ፣ በዚሁ ከተማ የአማርኛ መምህርት የሆንኩ ወይንሸት ተክለጊዮርጊስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ ወደ ቢሮዎ መላክ ሲገባኝ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከዚህ ቀደም እኔና እርስዎ ብቻችንን የጻፍነው ጽሑፍ ያደረሰውን ስላየሁ፣ የአሁኑን ሰው ሁሉ እያየው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ምስጋናዎቼ ሦስት ናቸውና በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

፩. በአዳራሹ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ወዲያ ሌሎች ድርጅቶችም በአገራችን ቦታ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ሁሉ ጠላት ተብሎ እንደማይቆጠር፣ መመሪያውም ከበላይ እንደመጣ በሰፊው አብራርተውልናል። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች አዲስ ነገር ሰምተው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ይህንኑ ትምህርት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር ሰባ ዘጠኝ፣ በስምንተኛ ክፍል ውስጥ ሰምቼው ነበር። ያን ጊዜ ያስተማረው ሰው የፈጀበት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው።

ያ ሰው የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር የነበረው ጠና ሄራሞ ነው። በቅርቡ ወደ ከተማችን ለመጡ አንባቢዎች ለማስታወቅ ያህል፣ ጠና የሆመቾ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ተማሪ ሲያጠፋ ከመቆጣት ይልቅ በሀዲይኛ ቀልዶ የሚያሳፍር ሰው ነበር። በመምህራን ክፍል ውስጥ ወንበሮቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። በዚያ ሰሞን የሸንጎ ምርጫ ስለተቃረበ፣ መምህራን ሁሉ ስለ ምርጫ ምንነት እንድናስተምር ያዘዙን እርስዎ መሆንዎን እንደሚያስታውሱ አልጠራጠርም። ጠና የታዘዘውን አደረገ። በቃል ከማስረዳት በሥራ ማሳየት ይሻላል ብሎ፣ በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ አገር በሰሌዳው ላይ ሣለ። ልጆቹ አገሩን ገደራ አሉት። ሁለት ተራራ፣ አንድ ትልቅ ወንዝና አንድ ገበያ ነበረው። ፓርቲዎቹ አራት ነበሩ፤ የእንሰት ፓርቲ፣ የገብስ ፓርቲ፣ የድልድይ ፓርቲ፣ እንዲሁም ከኋላ የሚቀመጡ ሦስት ልጃገረዶች ያቋቋሙት የምንጭ ፓርቲ። የዚህ የመጨረሻው ፓርቲ ዓላማ ውኃ ወደ ሰፈር እንዲቀርብ ብቻ ነበር።

እኔ ከጎን ባለው ክፍል አስተምር ነበርና ጭብጨባውን ሰምቼ በበሩ ብቅ አልኩ። ጠና አየኝና፣ «በደህና ጊዜ መጣሽ! ገደራ ገለልተኛ ታዛቢ አጥታለች፤ ግቢና ቁጠሪልን» አለኝ። ገብቼ ቆጠርኩ። እታለም የምትመራው የምንጭ ፓርቲ በሃያ ስድስት ድምፅ አሸነፈ፤ የእንሰት ፓርቲ ሃያ አራት አግኝቶ ተከተለ። ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ እየሳቅሁም ከሥሩ ፈረምኩበት። የእንሰቱ መሪ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ጠና እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ለክፍሉ እንዲህ አለ፦ «ልጆች፣ የዛሬው ትምህርት ያሸነፈችው እታለም አይደለችም። የዛሬው ትምህርት እሱ ነው። ተሸንፏል፤ ማንም ግን አይነካውም። አሁን ቤቱ ሄዶ ምሳውን ይበላል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይወዳደራል።» ደወል ተደወለ፤ ልጆቹም ወጡ። ወንጀሉ ይኸው ነበር።

፪. ችሎታዬን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቢሮዎ አስጠሩኝ። እዚህ ላይ ሕዝቡ እርስዎ እኔን ያስፈራሩኝ መስሎት እንዳይሳሳት እውነቱን መመስከር ይኖርብኛል። አላስፈራሩኝም። ሻይ አዘዙልኝ። በእጅዎ የጻፉትን ሪፖርት ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ወይንሸት፣ እንዳንቺ የሚጽፍ በዚህ ከተማ የለም፤ አማርኛውን ብቻ አስተካክዪልኝ» አሉኝ።

የእርስዎ ጽሑፍ፣ «መምህሩ የሌለ አገር ፈጥሮ ልጆችን ብዙ ፓርቲ አስመረጠ፤ ልጆቹም ሳቁ» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሰውን መገሠጽ ይቻል ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ማሰር ግን የሚቻል አይመስለኝም። ክቡር ሆይ፣ ስለዚያች ደቂቃ ብዙ አስቤአለሁ። ፈርቼ ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ። ፍርሃቱም አልጠፋም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ድምፅ የቆጠርኩት እኔ ነበርኩና። ነገር ግን ብዕሩን ያነሣሁት ዓረፍተ ነገርዎ ስላልጣመኝና፣ ከዚያ የተሻለ መጻፍ እንደምችል ላሳይዎት ስለፈለግሁ ነው። እንዲህም ብዬ ጻፍኩ፦ «መምህሩ በምናብ አገር ሽፋን፣ በአንድ ዓላማ ሥር የተሰለፈውን የሰፊውን ሕዝብ አንድነት የሚበታትን ዘር በሕፃናት አእምሮ ውስጥ ሲዘራ ተደርሶበታል።»

ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብኩትና ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። እርስዎም ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አማርኛ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ፈረሙበት። ጴንጤ መሆኑን ከኅዳጉ ላይ በራስዎ እጅ ጨመሩ። ይህችን እንኳ እኔ አልጻፍኳትም እያልኩ ራሴን ያጽናናሁባቸው ብዙ ቀናት እንደነበሩ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ጠናን ከክፍል ወሰዱት። በመስኮቴ አጠገብ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር አላለም። በዓመቱ መጨረሻ የምስጉን መምህርት የምስክር ወረቀት በእጅዎ ሰጡኝ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ።

፫. ለወይዘሮ ዓለሚቱ ማመልከቻ ስለሰጡት ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። ዓለሚቱ የጠና ባለቤት ናት። ባሏ በታሰረ በሁለተኛው ወር ወደ ቤቴ መጣች። አማርኛ ትናገራለች፤ ግን በቢሮ ሰው ፊት ቃሉ ይጠፋባታል። ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ እርስዎ ይጻፉልኝ። ጠና ሁልጊዜ ‹እሷ የጻፈችውን ሰው እምቢ አይልም› ይል ነበር» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ የዚያን ዕለት እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ግቢ፣ ተቀመጪ» የሚል ነው። አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩላት። በሳምንቱ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛልኝ መጣች፤ ተቀበልኳት። በላሁትም።

እርስዎ ማመልከቻውን በሁለት ቀን መለሱላት፤ «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። በኋላ በግቢ ውስጥ ሲያገኙኝ የእጅ ጽሕፈቴን አውቀውት ኖሮ፣ «ለሁለቱም ወገን ትሠሪያለሽ ማለት ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያም ሳይናገሩብኝ ቀሩ። ለዚህ ውለታዎም አሁን ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ዝምታዎ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ከሚያገኙ ሰዎች ጋር በሰላም እንድውል አድርጎኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም።

ጠና በጥር ወር ተፈታ። ወደ ማስተማር ሥራው ለመመለስ ቢጠይቅ፣ «ፋይልህ ውስጥ ሪፖርት አለ» ተብሎ ተመለሰ። ይህን የሰማሁት በወሬ ነው፤ ሄጄ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። የእርስዎን የአዳራሽ ንግግር ከሰማሁ በኋላ ግን ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ወደ ሆመቾ በምትሄድ ላንድሮቨር ተሳፈርኩ።

ጠና ከቤቱ በላይ ባለው ማሳ ላይ አጥር ሲያጥር አገኘሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ግራ እጁን እንደ ልቡ አያነሣውም። ሰላም ከተባባልን በኋላ፣ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና፣ «ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ማን እንደነገረው ጠየቅሁት።

«መርማሪው አነበበልኝ። በሆሳዕና እንደዚያ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ? በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁሽ።»

እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ አልሰደበኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። አንዱን እንጨት መሬት ውስጥ ተክሎ ዙሪያውን በእግሩ ጠቀጠቀ። ከዚያም፣ «ለዓለሚቱ አልነገርኳትም። ያን ቅቤ ተሸክማ የሄደችው ለማን እንደሆነ ስታውቅ ታፍራለች ብዬ ነው። ይህን እኔ አልነግራትም፤ አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

ዓለሚቱ ከጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሳያት ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወንበር ላምጣልዎ አለችኝ። ቆሜ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሻዩን እንኳ ሳላስቀር ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦

«የእኔንስ ማመልከቻ ልክ እንደዚያኛው አሳምረው ነበር የጻፉት?»

ክቡር ሆይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ድርሰት አርሜአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በዚያ አንድ ገጽ ተኩል ውስጥ የልጆቿን ዕድሜ፣ የባሏን የአገልግሎት ዘመንና የአብዮታዊ መንግሥታችንን ርኅራኄ በሚገባ ዘርዝሬ ነበር። ሊያስፈታው ይችል የነበረውን አንድ ነገር፣ ይኸውም «እኔ በክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ያሉት ቃላት የእኔ እንጂ የእሱ አይደሉም» የሚለውን ግን አልጻፍኩም ነበር።

«አይደለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ተመልሳም ወደ ሥራዋ ተቀመጠች። ወንበሩ አልመጣም። ጥቂት ቆሜ ወጣሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በመምህር ጠና ሄራሞ ፋይል ውስጥ ያለው ሪፖርት በእርስዎ የተፈረመ ቢሆንም የተጻፈው በእኔ መሆኑ፣ የተባለው ሁሉ እሱ ካደረገው ጋር የማይገናኝ መሆኑና፣ ለዚህም በፈለጉት አካል ፊት ቀርቤ ለመመስከር ዝግጁ መሆኔ ታውቆ፣ መምህሩ ወደ ሥራው እንዲመለስ ያደርጉ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ተመሳሳይ ቃሌን ፈርሜ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ለጠና ልኬአለሁ። የምስክር ወረቀትዎንም ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ፍሬሙን ግን አስቀርቻለሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝና። በእኔ ላይ ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ ካለ ሳልከራከር እቀበላለሁ። ከእርስዎ ጋር እኩል ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ራሴን ከፍ ለማድረግ አልደፍርም፤ እርስዎ መጥፎ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የጻፉት።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ በሁለቱም መመሪያዎች መካከል የማይናወጥ ጉልበት እየተመኘሁ፣

ከበላይ ትእዛዝ ሳይመጣልኝ የምጸጸት፣
ታዛዥዎ
ወይንሸት ተክለጊዮርጊስ

ማስታወሻ፦ በያዝነው ዓመት እኔ ዘንድ የምትማረው ሴት ልጅዎ ከትናንት በስቲያ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «ተቃዋሚ ድርጅት ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። በዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያስረዳ መምህር ምን እንደደረሰበት ስለማውቅ፣ አባትሽን ጠይቂ ብያታለሁ። እስካሁን መልስ ይዛ አልመጣችም።