ከንፈሬ እስኪድን

ውድ ልጄ፣ አንቺም ጨቅላዋም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከንፈሬ ላይ ከወጣው ምች በቀር ደህና ነኝ።

«እማዬ ምነው ቀረሽ?» ብለሽ ተቀይመሻል። የበሩ ቁልፍ ተበላሽቶብኝ ነበር፤ የደንበኞች ቀሚስም አላለቀልኝም ነበር። አሁን ቁልፉ ተሠርቷል፣ ቀሚሶቹም ተወስደዋል። ሻንጣዬን ግን አዘጋጅቼ መልሼ ፈታሁት።

ፋርማሲስቷ ከንፈሬን አይታ፣ «እማማ፣ ማንን ስመው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ትራሴን» አልኳት።

ቅባት ሰጠችኝና ገና መለብለብ ሲጀምረኝ እንድቀባው፣ ቅርፊቱን እንዳልነካካ፣ ፎጣዬንም እንድለይ ነገረችኝ። አራስ ልጠይቅ ነው ስላት ግን ሳቋን ተወች። «እስኪድን ይቆዩ። ለእኛ ቀላል ነው፤ በመሳም ወደ ጨቅላ ከተሻገረ ግን ሊገድል ይችላል» አለችኝ።

ቤት ገብቼ የጤና መጻሕፍቴን አገላበጥኩ። ፀሐይ ምቹን ባለበት ሰው ላይ ይቀሰቅሰዋል እንጂ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መሳም ነው ይላሉ። ታላቅሽ በጨቅላነቷ ስታርፍብን ጎረቤቱ ሁሉ «ፀሐይ መትቷት ነው» ብሎ ነበር፤ እኔም ይህንኑ ይዤ ኖርኩ። ያን ሰሞን ከንፈሬ እንዴት እንደነበር አባትሽ ቢኖር እጠይቀው ነበር።

ሲድንልኝ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን «ሕፃኗን ሳሚልኝ» ብሎ ይዘጋል። እኔ ግን እግሯን ከብርድ ሸፍኚልኝ።

እናትሽ