ያልተዘራ ካሮት

ለውድ እህቴ ለዊዳድ፤ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሥራው አልበዛብሽም ወይ? እኛ ከደሴ ብርድ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጅሽ ሲድራም የፊት ጥርሷ ወልቆ ድዷን እያሳየች ትስቃለች። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። በስልክ «ልጄ ይቅርታ ብትጠይቅ ምን አለበት?» ብለሽ ስትዘጊብኝማ ይብሱን ነደድኩ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ።

ዘንድሮ ሲድራ ላለችበት ክፍል፣ ለስድስት ዓመት ተማሪዎቼ የኮምፒውተር አስተሳሰብ አስተምሪ ተባልኩ። ኮምፒውተር የለንም፤ ለዚህ ግን አያስፈልግም። ዋናው ሥራን ከፋፍሎ በተራ ማስኬድ፣ ሲበላሽም የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ ማግኘት ነው። ስለዚህ የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጀሁ። አንዲት ልጅ ገራዶ ባለው ማሳቸው ላይ ትቆፍራለች፣ ዘር ትዘራለች፣ ውኃ ታጠጣለች፣ በመጨረሻም ካሮቷን ነቅላ ትበላለች። ኮምቦልቻ ታተመ።

ሐሙስ ዕለት እንግዶች ባሉበት መጽሐፉ ለልጆቹ ታደለ። ገጾቹ ተዘበራርቀዋል! ልጅቱ ካሮቱን በልታ ስታበቃ ትዘራዋለች። እኔ ገና ልብ ሳልለው ሲድራ እጇን አውጥታ ዳይሬክተራችንን አቶ ጸጋውን፣ «ጋሼ፣ ያልተዘራ ካሮት እንዴት ይነቀላል?» አለች። እንግዶቹ ሳቁ። የአቶ ጸጋው ፊት ጠቆረ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አውጥቶ «ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት አዋረድሽ» ብሎ ይቅርታ አስጠየቃት። እያለቀሰች ጠየቀች። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ፤ ይኼን አልደብቅሽም።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ አታሚውን አቶ ምንተስኖትን «ምነው እንዲህ ጉድ ሠሩኝ?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። መጽሐፉ ሳይሰፋ ስህተቱን አይተው ለአቶ ጸጋው ደውለው ኖሯል። «ለሐሙስ መድረስ አለበት፤ ልጅ ምን ያውቃል፣ ዝም ብለህ ስፋው» አላቸው። ወላሂ፣ ያውቅ ነበር! እያወቀ ነው ያስለቀሳት።

ሰኞ ልጆቹን መጽሐፉን በየገጹ አስፈታኋቸው። መሬት ላይ ዘርግተው እየተከራከሩ፣ ደወል ሳይደወል ተራውን አስያዙት። አቶ ጸጋው ደግሞ ንብረት አጠፋሽ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ወረቀቱን ይዤ የወላጆች ስብሰባ ላይ ቆምኩና የአታሚውን ቃል አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ወላጆቹ ተቆጡ፤ መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። ለልጅቱ ግን «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ከአቶ ጸጋው አፍ አልወጣም።

ሲድራ ከዚያ ሰልፍ ወዲህ እቤት ውስጥ እንኳ አፏን ከመክፈቷ በፊት «አክስቴ፣ ልናገር?» ትለኛለች። አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው። አንቺም ለትልቅ ሰው ስለማጎንበስ አትምከሪያት። «ልክ ነበርሽ» በያት። እኔ ብያታለሁ፤ ከእናቷ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ነው።

እናታችን ከዱዓዋ አልለየችሽም። አባባም «ልጅቱ ምን አጠፋች?» እያሉ ይብሰለሰላሉ፤ ሰላም ብለውሻል። ወንድማችን አሚር በጣም ናፍቆሻል። አብራሽ ላለችው ለለይላ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ንዴቷ ያልበረደላት እህትሽ ፊርደውስ
ደሴ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.