ተራዬን የለቀቅሁበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ባልደረባዬ አለምነው ዛሬም ተቆጣ። «እህቴ፣ ያንቺ ሥራ እኮ ማሽኑን አንቆ ያዘው!» እውነቱን ነው። ቢሮው ያለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው፤ የእኔ የሳተላይት ምስል ስሌት ከእሁድ ጀምሮ ወጥሮ ይዞታል። እሱ የዘንገናን ሐይቅ ውሃ ያሰላል። የእኔ ካርታ የሚፈለገው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ «ሪናይስ» የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍሁና ሥራዬን ከተለመደው ተራ ከዜሮ ወደ 19 አወረድሁት። የመጨረሻው ተራ ማለት ነው፤ ሌላው ሲሠራ የእኔ ይጠብቃል። ወፍጮ ቤት ለቅሶ የደረሰበትን ሰው እንደማስቀደም ያለ ነው። 70 በመቶ ደርሷል። ደግ ሰው ሆኜ ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
ጉድ ፈላ! ካርታዬ የሚቀርብበት የችግኝ ክፍፍል ስብሰባ ለሰኞ ጠዋት ተሳበ። የእኔ ካርታ በሽታ ያደረቀው ዲከረንስ፣ ያ የከሰል ዛፋችን፣ የት የት እንዳለ ያሳያል፤ ካርታው ላይ ያልወጣ ቀበሌ ዘንድሮ ችግኝ የለውም። የእኛ ቀበሌ ደግሞ ገና ካልተሰላው ምስል ውስጥ ነው።
70.6።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
ቁጥሩን ወደ ዜሮ ልመልስ ብል ከለከለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። ለካ ዝቅ ማለት ለማንም ይፈቀዳል፤ መመለስ የሚችለው ዋናውን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ብቻ ነው። እሱን የያዙት አቶ ይርሳው ጫግኒ ለቅሶ ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። አቋርጬ እንደገና ብጀምር የተሠራው ሁሉ ይጠፋል፣ ለሰኞም አይደርስም። ሳላነብ የነካሁት እኔው ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6
አባየ ከአዲስ ቅዳም ደወሉ። «አንቺ፣ ያ ካርታ ደረሰ ወይ? ዛፉ እንደሆን ቆሞ ደርቋል፤ ለከሰልም አልሆነ።» ሲጨንቃቸው አዊኛው ይቀድማቸዋል፤ ዛሬ ግማሹን የተናገሩት በአዊኛ ነው። «ይደርሳል አባየ» አልሁ። ዋሸሁ።
አለምነው የራሱን ሥራ ወደ 19 ቢያወርድልኝ እኩል እንሆናለን። ግን የእሱም የሐይቁ ጥናት ጽሑፍ ማክሰኞ ይላካል። በምን አፌ ልጠይቀው?
71.4።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7
ጠዋት ጠየቅሁት። ሁሉንም ነገርሁት፣ የአባየንም ጭምር። ከዚያ «አንዴ ካወረድሁት እኔም አልመልሰውም አይደል?» አለ።
«አዎ» አልሁት። እሱንም ልዋሸው አልቻልሁም።
«እንግዲህ እናያለን» ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። እንዲህ ያለ መልስ እምቢ ማለት ነው። እንባዬ ሲመጣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ዝናቡ አልቆመም፤ ባጃጅ ፍለጋ በሰበስሁ።
72።

እሁድ፣ ሰኔ 8
ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ቢሮ። 94! ዓይኔን አላመንሁም። የሚሠሩትን ዝርዝር ከፈትሁ። ከእኔ ሥራ በታች የአለምነው አለ፤ ከጎኑ 19። ትናንት እኔ እንደወጣሁ አውርዶታል። መመለስ እንደማይችል እያወቀ። እኔ እኮ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት።
አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ቀበሌያችን ቀይ ሆና ወጣች፤ ቀይ የደረቀ ማለት ነው። አባየ ዘንድ ደወልሁ። «ተመስገን!» አሉ፣ ለደረቀ ዛፍ። ሳቅሁም አለቀስሁም።
የአለምነው ገና 64 ላይ ነው። አሁን ማሽኑ የእሱ ብቻ ነው፤ ለማክሰኞ መድረሱን ግን እንጃ። የካርታውን ቀለም እዚያው ማሽን ላይ ላሳምር አስቤ ነበር። ተውሁትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።